ወደ ሰፈር ጂም ሲመለሱ፦ በወር፣ በቀን፣ በቡድን፣ በቤት ወይስ በሜዳ?

በመጋቢት 2012 ኮቪድ አገራችን ሲገባ በራቸውን ከዘጉት መካከል የአዲስ አበባ ጂሞች ይገኙበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ ምክንያት አውጆት የነበረውን ዓለም አቀፍ የድንገተኛ ጊዜ ሁኔታ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ቢያነሳም፣ ያኔ ስፖርት አቋርጠው ዛሬም ያልተመለሱ ሰዎች አሉ። ልመለስ ሲሉ ደግሞ ምርጫው ግራ ያጋባቸዋል። አንዱ የዓመት ቅናሽ ያቀርባል፤ ሌላው በቀን ያስከፍላል። ጎረቤት ቤት ውስጥ ዳምቤል ይበቃል ይላል፤ ጓደኛ በበኩሉ «ማለዳ መስቀል አደባባይ ና» ይላል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ በመጀመሪያው ወር የረጅም ጊዜ ክፍያ አይክፈሉ። ከመዘጋቱ በፊት ያውቁት የነበረው ጂም ዛሬ ያው ላይሆን ይችላል። ዕቃው ቆሞ ከርሟል፣ አሠልጣኙ ተቀይሮ ይሆናል፣ አዳራሹ ተከፍሎ ግማሹ ለሌላ ሥራ ተከራይቶ ይሆናል። ሰውነትዎም ያው አይደለም። ሁለቱን ሳይፈትሹ የዓመት ውል መፈረም ገንዘብዎን አስይዞ በኋላ መጸጸት ነው።

አየር ከሁሉ ይቀድማል

ሰዎች ጂም ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የማሽኑን ብዛትና የወለሉን ንጽሕና ነው። መታየት ያለበት ግን አየሩ ነው። በፈረንጆቹ 2020 መጀመሪያ በደቡብ ኮሪያዋ ቾናን ከተማ ከዳንስ ስፖርት ክፍሎች ጋር የተያያዘ ኮቪድ በ12 ስፖርት ቤቶች 112 ሰዎችን ያዘ። ክፍሎቹ 60 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ነበሩ፤ ትምህርቱም 50 ደቂቃ ያህል ይቆይ ነበር። እዚያው በቫይረሱ የተያዘች አንዲት አሠልጣኝ ዮጋና ፒላተስ ያስተማረቻቸው ከ7 እስከ 8 የሚሆኑ ተማሪዎች ግን አልተያዙም። ልዩነቱ የሰው ብዛትና የአተነፋፈስ ኃይል ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው ዓመት ግንቦትና ሰኔ በኦስሎ በተካሄደ ጥናት 3,764 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ጂም እንዲገቡ፣ ግማሾቹ እንዳይገቡ ተደረገ። ርቀት ይጠበቅ፣ ዕቃው ይጸዳ ስለነበር፣ በከተማዋም ስርጭቱ ዝቅተኛ ስለነበር፣ ጂም ከገቡት መካከል በምርመራ የተገኘው 1 ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ «ጂም አደገኛ ነው» ወይም «ጂም ምንም አያደርግም» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የትኛው ክፍል፣ በስንት ሰው፣ በምን ዓይነት አየር ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል። ይህ ጥያቄ ለጉንፋን፣ ለኢንፍሉዌንዛና ለሳንባ ነቀርሳም ያው ነው።

እንዴት ይፈተሻል? ሰው በሚበዛበት ሰዓት ይግቡ፤ ከሥራ መልስ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። በሩን እንዳለፉ የላብ ሽታ ከመታዎት፣ መስተዋቱም ጉም ከለበሰ፣ አየሩ አይለወጥም። ከመጸዳጃ ወረቀት አንድ ክንድ ያህል ቆርጠው በተከፈተ መስኮት ወይም በአየር ማውጫው ፊት ያንጠልጥሉ፤ ንቅንቅ ካላለ አየር አያልፍም። ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች አንድ ትልቅ መስኮት ከሚያደርገው የበለጠ ያናፍሳሉ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ተራ ኤሲ የክፍሉን አየር እያቀዘቀዘ መልሶ የሚያዞር ነው፤ ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም። በሕንፃ ምድር ቤት ያሉ ጂሞች ላይ በተለይ ይጠንቀቁ፤ አየር አስወጪ ማሽን አለ ካሉዎት ሲሠራ አሳዩኝ ይበሉ።

ልኬት የሚፈልጉ ከሆነ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ይጠቅማል፤ ጋዙ ከትንፋሽ የሚወጣ ስለሆነ ሲከማች አየሩ አለመለወጡን ያሳያል። ውጭ ያለው አየር 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 420 እጅ) ገደማ ነው። ጂም ውስጥ ከ800 በታች ከሆነ መልካም ነው፤ ከ1,000 ሲያልፍ ሰዓት ይቀይሩ፤ ከ1,500 ሲያልፍ ይውጡ። አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከተማዋ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ብዙዎቹ መለኪያዎች ደግሞ ለባሕር ወለል ተስተካክለው ስለሚመጡ ከእውነተኛው ከ20 እስከ 25 በመቶ አሳንሰው ያነባሉ። መጀመሪያ በረንዳ ላይ ሩብ ሰዓት ያስቀምጡት። 320 ካሳየ ከፍታውን በማስተካከያው ያስገቡለት፤ አለዚያ ውስጥ ገብተው የሚያዩት 800 በእውነቱ ከ1,000 በላይ ነው።

ለባለቤቶችም ቁጥሩ ይኸውና፦ በሰዓት ቢያንስ 5 ጊዜ የክፍሉ አየር ቢለወጥ ይመከራል። 10 በ12 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ አዳራሽ 360 ሜትር ኩብ ነው፤ ስለዚህ በሰዓት 1,800 ሜትር ኩብ የሚያስወጣ ፋን ይፈልጋል።

ቆሞ የከረመ ዕቃ

ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ከኬብል ማሽኖቹ ይጀምሩ። ኬብሉ ከመያዣው ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ልባሱ ከተሰነጠቀ ወይም የብረት ክሮች ብቅ ካሉ አይንኩት፤ የሚበጠሰው እዚያው ጫፍ ላይ ነው፣ ሲበጠስም መያዣው ወደ ፊት ይወረወራል። ክብደቱን በባዶው ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ያድርጉት፤ እየተያዘ የሚወርድ ከሆነ መምሪያ ዘንጎቹ ቆሽሸዋል ወይም ዝገዋል። በሲሊኮን መለስለስ አለባቸው፤ ግራሶ አቧራ ሰብስቦ መልሶ ያጣብቃቸዋል።

ትሬድሚሉን (የመሮጫ ማሽኑን) አጥፍተው ምንጣፉን ከመሃል በጣት ያንሱት። በብዙዎቹ ላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር መነሳት አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ላልቷል፤ ሲሮጡ እግር ሥር ይንሸራተታል። እጅዎን ከሥሩ ሲያስገቡ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ቅባት አልቆበታል፤ ሞተሩ ይግላል። የድንገተኛ ማቆሚያው ገመድ መኖሩን ይዩ። መብራት ሲጠፋ ምንጣፉ በድንገት ስለሚቆም መያዣውን ሳይለቁ መሮጥ የሚገባቸው ጀማሪዎች አሉ። ጄኔሬተር ያለው ጂም ቢሆንም እስኪነሳ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ይበቃሉ ለመውደቅ።

የቤንቹ ቆዳ ስንጥቅጥቅ ካለ ብዙ ጊዜ በበረኪና ሲወለወል ቆይቶ ነው። ለጽዳት 5 በመቶ የሆነ በረኪና 20 ሚሊ ሊትሩ በ1 ሊትር ውኃ ይበጠበጣል፤ ከላብ በኋላ መጀመሪያ በሳሙና ውኃ ይጠረጋል፣ ከዚያ በረኪናው ይቀባል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውኃ ይታበሳል። ታብሶ ካልወጣ ብረቱን ያዝጋል፣ ቆዳውን ያደርቃል። በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል በፍጹም አይገባም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ሻወር ያለው ጂም ከሆነ ውኃው ከሮቶ ነው የሚመጣው? ለወራት የቆመ ውኃ ሌጂዮኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ያራባል። ታንከሩ ታጥቦ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከረጅም መዘጋት በኋላም የሻወሩ ውኃ ሰው ሳይገባበት ለ5 ደቂቃ ያህል ሙቁ መለቀቅ አለበት።

ሰውነትዎስ?

የልብና የሳንባ ብርታት ቶሎ ይሄዳል፤ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ መቀነሱ ይለካል። የጡንቻ ጉልበት ከዚያ ይዘገያል፤ ሲመለሱም ከአዲስ ጀማሪ ይልቅ ቶሎ ይመለሳል። ችግሩ ጅማቶች ናቸው። ጡንቻው በአራት ሳምንት «እችላለሁ» ሲል የትከሻና የጉልበት ጅማት ገና አልደረሰም። ሰዎች የሚጎዱት በመጀመሪያው ቀን ብቻ አይደለም፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የድሮ ኪሏቸውን ሲያነሱ ነው።

በፈረንጆቹ 2019 የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት አሠልጣኞች ማኅበራት ከእረፍት ለሚመለሱ ስፖርተኞች ያወጡት መመሪያ የመጀመሪያውን ሳምንት ሥራ በ50 በመቶ፣ ከዚያ በ30፣ በ20 እና በ10 በመቶ ቀንሶ መመለስን ይመክራል። መመሪያው የወጣው ከእረፍት በኋላ ባሉት ቀናት ሞትና ከባድ የጡንቻ ጉዳት ስለተደጋገመ ነው። ለሩጫ መሰል ልምምድ የታሰበ ቢሆንም ለክብደት ሥራም ጥሩ መነሻ ነው። ድሮ ስኳት (ክብደት ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) በ80 ኪሎ 4 ዙር፣ በየዙሩ 8 ጊዜ ይሠራ የነበረ ሰው ጠቅላላ 2,560 ኪሎ ያነሳ ነበር። ሲመለስ እንዲህ ይሂድ፦

| ሳምንት | ክብደት | ዙር × ጊዜ | ጠቅላላ |
|---|---|---|---|
| 1 | 50 ኪሎ | 3 × 8 | 1,200 |
| 2 | 55 ኪሎ | 4 × 8 | 1,760 |
| 3 | 62.5 ኪሎ | 4 × 8 | 2,000 |
| 4 | 70 ኪሎ | 4 × 8 | 2,240 |

ያቋረጡት ለዓመታት ከሆነ በእያንዳንዱ እርከን ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ሕመሙ ከ1 እስከ 3 ቀን መቆየቱ የተለመደ ነው። ሽንትዎ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ጡንቻዎ አብጦ ከደነደነ ግን ቤት አይቆዩ፤ የተሰባበረ ጡንቻ ኩላሊት ስለሚጎዳ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ። ኮቪድ ወይም ሌላ ከባድ ጉንፋን ይዞዎት ከነበረ ምልክቱ ከጠፋ ቢያንስ 7 ቀን ጠብቀው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በእርምጃና በቀላል እንቅስቃሴ ብቻ ያሳልፉ። የደረት ሕመም፣ የልብ ትርታ መዛባት ወይም ራስ መሳት ካለ ከሐኪም በፊት ጂም የለም።

አማራጮቹ

*ወርሃዊና የረጅም ጊዜ አባልነት።* በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ ለሚሄድና ክብደት መጨመር ለሚፈልግ ይህን የሚተካ የለም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የወሩን ክፍያ በቀኑ ዋጋ ያካፍሉ። ለምሳሌ ወሩ 3,000 ብር፣ ቀኑ 300 ብር ቢሆን፣ በወር ከ10 ቀን በታች የሚሄድ ሰው በወር መክፈሉ ያከስረዋል። ታዲያ የሚቆጥሩት ሊሄዱ ያሰቡትን ቀን ሳይሆን ባለፈው ወር በትክክል ከቤት የወጡበትን ቀን ይሁን። የታክሲውን ሒሳብም ይደምሩበት፤ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ርካሽ ጂም በእግር ከሚደረስበት ውዱ ይበልጥ ያስወጣል። የተነገረዎት ዋጋ 15 በመቶውን ቫት ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ።

ከመዘጋቱ በፊት ከፍለው ያልተጠቀሙበት ወር ካለ ደረሰኙን ይዘው ይሂዱ። ገንዘቤን መልሱ ከማለት ጊዜው ይራዘምልኝ ማለት ብዙ ጊዜ ቶሎ ያስማማል፤ ተዘግቶ የቆየ ንግድ በእጁ ጥሬ ገንዘብ የለውም፣ ባዶ ሰዓት ግን አለው። አዲስ ውል ሲፈርሙ አራት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ በመንግሥት ትእዛዝ ቢዘጋ ቀኑ ይራዘማል ወይ፤ ብታመም ማቆም እችላለሁ ወይ፣ ለስንት ቀን፤ ለወንድም ለእህት ማስተላለፍ ይቻላል ወይ፤ የቤቱ ኪራይ ውል እስከ መቼ ነው። የመጨረሻውን መጠየቅ ያሳፍራል፤ የኪራይ ውሉ በአራት ወር የሚያልቅ ጂም የዓመት ክፍያ መሰብሰቡ ግን የበለጠ ያሳስባል።

*የዕለት ክፍያ።* ለመጀመሪያው ወር የምንመክረው ይህን ነው። በተለያየ ሰዓት ገብተው አየሩንና ሰልፉን ለማየት ያስችላል። ከጠዋቱ 4 እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ባዶ ስለሆነ ሰዓታቸው ለሚፈቅድላቸው፣ በፈረቃ ለሚሠሩና ለጡረተኞች ምቹ ነው። ጉድለቱ የሚከታተል አሠልጣኝ አለመኖሩ ነው፤ ሥራዎን ራስዎ በደብተር መመዝገብ አለብዎት።

*የኤሮቢክስና የቡድን ክፍል።* ሙዚቃው፣ ሰዉ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ!» የሚለው ድምፅ ብቻውን የማይንቀሳቀሰውን ሰው ያነቃቃል። ይሁን እንጂ ከረጅም እረፍት ለሚመለስ ከሁሉ አስቸጋሪው እሱ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው አሠልጣኙ እንጂ የእርስዎ ጉልበት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ከ50ው ደቂቃ 25ቱን ብቻ እሠራለሁ ብለው አስቀድመው ይንገሩ፣ መስኮት አጠገብ ይቁሙ፣ ዝላዩን በእርምጃ ይተኩ። ክፍሉ ቢበዛ ስንት ሰው እንደሚቀበል ይጠይቁ፤ «ስንትም ቢመጣ» ከሆነ መልሱ፣ ይለፉት። ማይክ የሌለው አሠልጣኝ ይጮኻል፤ ጩኸት ደግሞ ትንፋሽ ያሰራጫል።

*ቤት ውስጥ።* ሁለት የሚስተካከሉ ዳምቤሎች፣ አንድ የላስቲክ ገመድና የመዘርጊያ ምንጣፍ ለስድስት ወር ይበቃሉ። 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ለስኳትም ተሸክሞ ለመራመድም ይሆናል። በየሰፈሩ ወጣቶች ሲሚንቶ በጣሳ ሞልተው የሚሠሩት ባርም በወጉ ከተሠራ ጥሩ ነው። 4 ሊትር የሚይዝ የቀለም ጣሳ በኮንክሪት ሲሞላ ከ9 ኪሎ ይበልጣል። የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። ልሙጥ ቧንቧ ኮንክሪቱ ውስጥ ይዞራል፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ አጭር ፌሮ በመስቀል አበይደው ይቅበሩት። ሁለተኛው መቸኮል ነው፤ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሳይሸፈን የደረቀ ኮንክሪት ይሰነጠቃል። ሁለቱን ጫፍ በሚዛን ያስተያዩ፤ ልዩነት ካለ ባሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ የገመድ ዝላዩን ወደ ግቢው ያውጡት፤ ከሥር ያለው ጎረቤት ይሰማዋል።

*ሜዳና ዳገት።* መስቀል አደባባይ፣ ጃን ሜዳ፣ ከ2013 ጀምሮ እንጦጦ ፓርክ፣ አሁን ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች አሉ። በአየር ረገድ የሚወዳደረው የለም። ለልብና ለሳንባ ከበቂ በላይ ነው፤ ለላይኛው አካል ግን ፑሽ አፕና አግድም ብረት መጨመር ያስፈልጋል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ ለተመላሽ ሰው መጀመሪያ በእርምጃ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጡ እዚያው የለመዱትን ፍጥነት አዲስ አበባ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አይሞክሩት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ልማዱን ይሰብራል፤ ለክረምት ሁለተኛ ዕቅድ ያስፈልጋል።

| | አየር | ወጪ | ክብደት መጨመር | ቀስ ብሎ መጀመር | የሚያቋርጠው |
|---|---|---|---|---|---|
| ወርሃዊ | እንደ ቤቱ | ከፍተኛ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | መዘጋት፣ መብራት |
| የዕለት | ሰዓት መርጦ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | የሚከታተል ሰው ማጣት |
| ቡድን | ደካማ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | አስቸጋሪ | ጉዳት፣ ጉንፋን |
| ቤት | ጥሩ | አንድ ጊዜ ብቻ | ውስን | በጣም ጥሩ | ስንፍና፣ ቦታ |
| ሜዳ | ምርጥ | ከምንም አይቆጠርም | ዝቅተኛ | ጥሩ | ክረምት፣ ጨለማ |

ለየትኛው ሰው የትኛው

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ይመክራል። ይህን ለማሟላት ወርሃዊ አባልነት ግዴታ አይደለም። በጀቱ ጠባብ የሆነ ሰው በሳምንት አራት ቀን 40 ደቂቃ ፈጣን እርምጃና ሁለት ቀን የቤት ልምምድ ቢይዝ ዝቅተኛውን መጠን ያልፋል። መካከለኛ በጀት ላለው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በዕለት ክፍያ ክብደት፣ የቀረውን ሜዳ ላይ መሥራት ከሁሉ ያዋጣል ባዮች ነን።

ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ ወላጅ፣ አዲስ የወለደች እናት ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ክፍለ ጊዜያት የግል አሠልጣኝ ቢይዙ ገንዘቡ አይባክንም፤ የሐኪማቸውን ቃል ይዘው፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት። ሴቶች ብቻ የሚገቡበት ሰዓት መኖሩንና አሠልጣኟ ሴት መሆኗን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጾም ላይ ያለ ሰው ከባዱን ሥራ ከመፍቻው በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ቢያደርግ ይሻላል፤ ካልሆነም ከመፍቻው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቀለል ያለውን። በሁዳዴ ምስር፣ አተርና ሽሮ በየማዕዱ ይኑር። የመመለሻውን የመጀመሪያ ሳምንት ግን ከጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ጋር አያጋጥሙት።

ድሮ የነበሩበት ጂም በአራት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 10 ቀን ካስኬደዎት፣ የተበላሸ ኬብል ነግረው በሳምንት ውስጥ ከተቀየረ፣ ምሽት ላይም አየሩ ካልከበደ፣ ያኔ የሦስት ወሩን ይክፈሉ። የዓመቱን ቅናሽ ለመውሰድ የኪራይ ውሉን መልስ ይጠብቁ።